ጌጤ ከፊት የገባች ቀን

ጌጤ ከሞተች ዛሬ ሠላሳ አንድ ቀኗ ነው። ለአርባዋ ሙሾ አውርጂ ይሉኛል፤ እኔ ደግሞ አፌን በከፈትኩ ቁጥር የሚመጣልኝ የበጓ ሙሾ ነው። በቀብሯ ለት እንኳ ድንኳን ውስጥ ቆሜ «ጌጤ» ብዬ ጀመርኩና «ሻለቃ» ብዬ ጨረስኩ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አፋቸው ውስጥ ጠቀጠቁ፤ ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። ከወንዶቹ በኩል አንዱ «አቤት ኀዘን! እንዴት ብትወደድ ነው!» ሲል ሰማሁት። ኀዘኑስ ነበረ፤ ያን ሰዓት ግን የያዘን ሳቅ ነው።

ሻለቃ የጌጤ ሙክት ነበር። ጌጤ ሸጎሌ የከብት ገበያ አጠገብ በግ ታደልብ ነበር፤ ከሱሉልታ በኩል ወርዳ እኛ ሰፈር ከገባች አርባ ዓመት ቢያልፋትም፣ ስትናደድ ግማሹን በኦሮምኛ ነበር የምትጨርሰው። ሻለቃን ለፋሲካ እያሰበች አራት ወር ስትቀልበው ከርማ፣ ሑዳዴ እኩሌታ ላይ ደስታ መሰል የሚሉት የበግና የፍየል በሽታ መጣና ወሰደው።

ሳይሞት በፊት ሰምሀል ከአፍንጫው ናሙና ወስዳ ነበር። ሰምሀል እኔ ግቢ ሰርቪስ ቤት ተከራይታ ሁለት ዓመት የኖረች ልጅ ናት። በአንድ የእንስሳት ምርምር ቤት ትሠራ ነበርና መሥሪያ ቤቷ ፈቃድ ሰጥቷት ሁለተኛ ዲግሪዋን ትማር ነበር። ከቤት ስትወጣ ሰላም ብላኝ፣ ስትገባ ሰላም ብላኝ፣ በመሃል ላፕቶፗ ላይ ተጎንብሳ የምትውል ዝምተኛ ልጅ ነበረች።

ከፋሲካ በኋላ ባለው ቅዳሜ ጠዋት ልብስ ላሰጣ ብወጣ፣ ቧንቧው አጠገብ ባልዲ ደፍታ ተቀምጣ ታለቅሳለች።

«ማን ሞተ?» አልኳት። እኔ ሲለቀስ ሳይ ሌላ ጥያቄ አላውቅም።

«ጥናቴ።»

«መቼ?»

«አሁን። ሦስት ሰዓት ላይ።»

ሳቄ መጣ፤ እሷም በእንባዋ መሃል ፈገግ አለች። ክፍሏ አስገባችኝና ላፕቶፑን አሳየችኝ።

ነገሩን እኔ በገባኝ መንገድ ልናገረው። በሽታውን የሚያመጣው ቫይረስ ውስጥ አር ኤን ኤ የሚባል ክር አለ። ክሩ በአራት ፊደላት ብቻ የተጻፈ ነው። ዝም ብሎ ተዘርግቶ አይቀመጥም፤ በራሱ ላይ ይታጠፋል። ሲታጠፍ ፊት ለፊት የገጠሙት ፊደላት ይያያዛሉ፤ ያልገጠማቸው ብቻቸውን ይቀራሉ። ኢንተርኔት ላይ ደግሞ የክሩን ፊደላት ስትለጥፊለት እንዴት እንደሚታጠፍ አስልቶ የሚሥልልሽ ድረ ገጽ አለ። ለተያያዙት ቅንፍ ያደርጋል፤ ለብቸኛው ነጥብ። ሌላ ደግሞ አለ፤ ሁለት እጥፋቶችን ጎን ለጎን አስቀምጦ «ልዩነታቸው ይህን ያህል ነው» ብሎ ቁጥር የሚሰጥ። ዜሮ ካለ አንድ ናቸው።

ሰምሀል በጥናቷ ልታሳይ የለፋችው የሻለቃ ቫይረስና ከአፋር በመጣ ፍየል ላይ የተገኘው ቫይረስ፣ ፊደላቸው እዚህም እዚያም ቢለያይ እንኳ እጥፋታቸው አንድ መሆኑን ነው። እጥፋቱ አንድ ከሆነ አንድ ዓይነት ምርመራ ለሁለቱም ይሠራል።

«ታዲያ ምን አለሽ?»

«ሠላሳ ስምንት።»

«ብዙ ነው?»

«እትዬ ቦሰና፣ ከዚህ በላይ ሊለያዩ አይችሉም! አንድም የሚገናኝ ነገር የላቸውም ማለት ነው። ሥዕላቸውን ግን ይዩት! ይኸው፤ ይሄ የፍየሉ፣ ይሄ የሻለቃ። መንታ አይደሉም?»

«መንታ ናቸው።»

«አማካሪዬ ዶክተር ስብሐት ሥዕል ማስረጃ አይሆንም አሉኝ። ሰኞ ነው የማቀርበው። እስከ ነገ ቁጥሩን ካላስተካከልኩ ፈታኞቹ ፊት አልቆምም፤ ሰኞ ካልቆምኩ ዓመቱን ልደግም ነው። የመሥሪያ ቤቴ ፈቃድ ደግሞ ሰኔ ላይ ያልቃል። በቃ፣ ያለ ዲግሪ እመለሳለሁ።»

«ምናልባት ስትለጥፊ ተሳስተሽ እንዳይሆን?»

«አሥር ጊዜ ደጋግሜዋለሁ። መጀመሪያማ ቁመታቸው እኩል ካልሆነ አልቀበልም ብሎኝ ነበር፤ የሻለቃ በአንድ ፊደል ይረዝማል። ከጭራው አንዷን ቆረጥኩለትና ተቀበለኝ።»

እኔ ይህን ሁሉ እየሰማሁ ዓይኔ ሥዕሉ ላይ ነው። ረድፉ ይወጣል፣ ጫፍ ላይ ይታጠፋል፣ ይመለሳል፤ ግራና ቀኙ ይያያዛል፤ መታጠፊያው ላይ ያሉት ብቻቸውን ናቸው።

«ሰምሀል፣» አልኳት፣ «ይሄማ የኛ ለቅሶ ነው!»

ሙሾ ማንም አላስተማረኝም፤ ስለዚህ አሰላለፉንም የፈጠርኩት እኔው ነኝ። ሰፈራችን ዳገት ላይ ነው፤ ግቢው ጠባብ፣ ድንኳኑም ጠባብ። ሴቶቹ ሲያለቅሱ እየተረጋገጡ ሲያስቸግሩኝ በአንድ ረድፍ አስገባቸው ጀመር። ረድፉ ድንኳኑ ጫፍ ሲደርስ ይታጠፍና ይመለሳል፤ ያኔ ፊተኞቹና ኋለኞቹ ፊት ለፊት ይገጥማሉ፣ እጅ ለእጅ ይያያዛሉ። መታጠፊያው ላይ ያሉት ሦስቱ ደረታቸውን ይመታሉ። አንዷ ከተረፈች በጭራው በኩል ብቻዋን ትቆማለች። ሕጉ አንድ ብቻ ነው፤ ለሟች የምትቀርበው ሴት ዘግይታም ብትመጣ ከፊት ትገባለች። ከኋላ መሰለፍ ነውር ነው።

«ዛሬ ስምንት ሰዓት ላይ የሴቶች እድር ስብሰባ አለን፤» አልኳት። «ሴቶቹን ላሰልፍልሽ። በሰው ስታዪው ይገለጥልሽ ይሆናል።»

ሰምሀል ዓይኗን ጠረገች። «ቢያንስ ለእነሱ ካስረዳሁ፣ እ... ማለቴ፣ ለፈታኞቹም ማስረዳት አያቅተኝም» አለች።

የእድሩ ሊቀ መንበር የሺ ናት። እድሩ አዳራሽ ውስጥ ነገሩን ስነግራት ብድግ አለች።

«የለቅሶ ሰልፍ ያለ ሬሳ? ቦሰና፣ ማንን ልትገድይብን ነው?»

«ማንንም። ትምህርት ነው።»

«ሟርት ነው! እኔ በቁሜ አይለቀስብኝም። ሟች ከሌለ ሰልፍ የለም።»

ሴቶቹ አጉረመረሙ፤ ከየሺ ጋር ናቸው። ሰምሀል የቁጥር ወረቀቶቿንና መርፌ ቁልፏን ይዛ በር ላይ ቀረች። ያን ጊዜ ናዝሬት፣ ከሁላችንም ትንሿ፣ የሰፈሩን ሁሉ ፀጉር የምትሠራ ለፍላፊ፣ ከኋላ ሆና «የሞተማ አለ» አለች።

«ማን?»

«ሻለቃ!»

ሁሉም ወደ የሺ ዞረ። ከዚያ የሺ ራሷ ሳቀች፤ እሷ ከሳቀች ደግሞ እድሩ አጸደቀው ማለት ነው። «እውነቷን ነው፤ ምስኪን፣ ለቅሶ አልተቀመጥንለትም» አለችና ነጠላዋን አዘቀዘቀች።

አሥራ ስምንት ነበርን። ሰምሀል ከፊት ጀምራ በየደረታችን ቁጥር ሰካችልን። አንደኛ የሺ፣ እኔ አምስተኛ፣ ናዝሬት መጨረሻ፣ አሥራ ስምንተኛ። ረድፋችን ታጠፈ። አንድ ከአሥራ ሰባት ተያያዘ፣ ሁለት ከአሥራ ስድስት፤ እንዲያ እያለ ሰባት ከአሥራ አንድ። ስምንት፣ ዘጠኝና አሥር መታጠፊያው ላይ ደረት መቺ ሆኑ። ናዝሬት በጭራው ብቻዋን ቀረች። ሰምሀል ማን ከማን ጋር እንደተያያዘ ደብተሯ ላይ ጻፈች።

«አሁን አውርጂ እንጂ!» አለች የሺ። «ዝም ብለን እጅ ለእጅ ተያይዘን ልንቀር ነው?»

አወረድኩ፦

«ሻለቃ ሻለቃ፣ ቀንደ ጥምዝማዙ፣
ቢላዋ ሳይነካህ ወሰደህ መዘዙ፤
ምነው በሑዳዴ ሞትህ እንዲህ ከፋ፣
ቀማሽ በሌለበት ሥጋህም ተደፋ።»

አቤት የሆነው! ስምንተኛዋ ደረቷን ልትመታ እጇን አንስታ በሳቅ ወደቀች። ስድስተኛዋ «ወይኔ ሻለቃዬ፣ ላትህ!» ብላ ስትጮህ የሺ ተንበረከከች። ሰምሀልም ደብተሯን ፊቷ ላይ አድርጋ ትንፈቀፈቃለች።

ይሄን ጊዜ በሩ ተከፈተ። ጌጤ! ከሸጎሌ መምጣቷ ነው፤ ቦቲ ጫማዋ ጭቃ፣ ቀሚሷ ላይ ገለባ። ድምፁን ከመንገድ ሰምታ ደንግጣ ኖሮ ነጠላዋን ገና ከበር አዘቅዝቃዋለች።

«ማነው? ማነው የሞተው?»

ሁላችንም በሳቅ ታፍነናል። በመጨረሻ ናዝሬት «ሻለቃ ነው፣ እማማ ጌጤ። እግዜር ያጥናዎት» አለቻት።

ጌጤ ቆማ አየችን። አሥራ ስምንት ሴት ቁጥር ተለጥፎባት፣ እጅ ለእጅ ተያይዛ ለበጓ ታለቅሳለች። ትቆጣለች ብዬ ፈራሁ። እሷ ግን ቀስ ብላ ነጠላዋን አስተካከለችና የሺን በክንዷ ገፋ አደረገቻት።

«ዞር በይ።»

«ምን?»

«ዞር በይ እላለሁ! የማን በግ ነው? የቅርብ ሰው ማን ነው? ከፊት የምገባው እኔ ነኝ!»

ሕግ ነውና የሺ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች። ግን እጇን ከአሥራ ሰባተኛዋ አልለቀቀችም፤ አሥራ ሰባተኛዋም አብራ ተሳበች። እንዲህ እየተገፋ እየተሳበ ረድፉ በሙሉ በአንድ ተንሸራተተ።

«እኔስ ማንን ልያዝ?» አለች ጌጤ።

«ማንንም፤ ሁሉም ተይዟል።»

«ይሁና። ብቻዬን አለቅሳለሁ!» ብላ ሁለት እጇን ወደ ሰማይ ዘረጋች። «ወየው ልጄን! ዋቃዮ!»

«ቁጥሬን ግን ስጪኝ፤» አለች ቀጥላ ወደ ሰምሀል ዞራ። «አንድ ቁጥር የኔ ነው።»

ሰምሀል አንድ ቁጥርን ከየሺ ነቅላ ለጌጤ ሰካች። የሺ «እኔስ?» አለች፤ ሁለት ቁጥርን ወሰደች። ሁለተኛዋ ሦስትን ነጠቀች። በአንድ ጊዜ መርፌ ቁልፍና ጩኸት ሆነ፤ አንዲት ሴት እጇን ሳትለቅ በጥርሷ ቁጥር ስትነቅል አይቻለሁ። ወረቀቱ አሥራ ስምንት፣ እኛ አሥራ ዘጠኝ። ናዝሬት ባዶ ደረቷን ይዛ ቀረች።

«የኔስ?»

«አለቀ፤ አንቺ ውጪ» አለቻት የሺ።

«ኧረ ግፍ ነው! ሟቹን ያስታወስኩት እኔ፣ የተቆረጥኩት እኔ!» አለችና የአዳራሹን ደረጃ ወጥታ ከላይ ሆና በሞባይሏ ታነሳን ጀመር።

ሰምሀል ደብተሯን ገለጠች። አሁን ሳቋን ጨርሳለች፤ ሥራዋ ትዝ ብሏታል።

«እሺ፣ እንቁጠር። አንድ ከአሥራ ሰባት?»

«እኔ ማንንም አልያዝኩም» አለች ጌጤ።

«ሁለት ከአሥራ ስድስት?»

«ሁለት እኔ ነኝ፤» አለች የሺ፣ «የያዝኩት አሥራ ስምንትን ነው።»

«ሦስት ከአሥራ አምስት?» የለም። አራት፣ አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት፤ አንድም ደብተሯ ላይ እንደተጻፈው የተያያዘ የለም።

«ማነው እጁን የለወጠ?» አለች ሰምሀል።

«ማንም!»

«ማን ለቀቀ? እውነቱን ተናገሩ!»

«አንለቅም ስንል ልብሳችን ሊቀደድ ነው እኮ!» አለች የሺ። «ይኸው፣ ከመጀመሪያው የያዝኳትን እንደያዝኩ ነኝ። ቁጥሩን የለወጥሽብን አንቺ ነሽ።»

ሰምሀል ደረታችን ላይ ያለውን ቁጥር አየች። ጌጤን አየች፤ ደረጃው ላይ ያለችውን ናዝሬትን አየች፤ እንደገና ጌጤን። ከዚያ ደብተሯን ወርውራ ጮኸች።

«ጭራውን ነው የቆረጥኩት! የተጨመረችው ከፊት ነች፣ እኔ የቆረጥኩት ከኋላ!»

«ምን አለች?» አለች የሺ።

«ማሽኑ የሚያየው ቁጥር ነው! አንደኛው ፊደል ከስንተኛው ጋር ተያያዘ ብቻ ነው የሚለው። እትዬ ጌጤ ከፊት ሲገቡ ሁሉም በአንድ ተገፋ፤ ማሽኑ ሁሉም እጅ የለቀቀ መሰለው። ማንም ግን አልለቀቀም! የሻለቃ ክር ፊቱ ላይ አንድ ትርፍ ፊደል አለው፤ በቃ፣ ይኸው ነው!»

ጌጤ በኩራት ዙሪያዋን አየች። «እኔ ስገባ ነው የተገለጠላት» አለች።

ሰምሀል ሮጣ ላፕቶፗን ይዛ መጣች። ሌላ ድረ ገጽ አለ አለች፤ ቁጥር ሳይሆን ቅርጹን ራሱን የሚያነጻጽር፤ ቁመት እኩል ካልሆነም የማያኮርፍ። ሁላችንም ከበብናት። የሞባይሏ ኢንተርኔት ጉለሌን እንደማያውቅ ሰው ዳገታችን ላይ ይደክማል፤ ናዝሬት የራሷን ከፈተችላት።

«አንድ ነገር፣» አለች ናዝሬት ስልኳን ወደኋላ ሳብ አድርጋ፤ «የቆረጥሻትን ጭራ መልሺ። አለበለዚያ ኢንተርኔት የለም።»

ሰምሀል የተቆረጠችውን ፊደል መለሰች። የፍየሉን ለጠፈች፣ የሻለቃን ለጠፈች፣ አስነሳችው። ገጹ «ወረፋ ላይ ነዎት፤ ከፊትዎ ሃያ ሦስት ሥራዎች አሉ» የሚል ነገር ጻፈ።

«እዚያም ወረፋ አለ?» አለች የሺ።

«ለቅሶ ላይ ነን፣ አስቀድሙን በያቸው» አለች ጌጤ።

ወረፋው ሃያ ሁለት ሆነ፤ እልል አልን። አሥራ ዘጠኝ ሲሆን እልል አልን። አሥራ አንድ ላይ ብዙ ቆየ፤ የሺ ለእንጦጦ ማርያም ጧፍ ተሳለች። ባትሪው አለቀ ሲል ጌጤ ራሷ ተንበርክካ ሶኬቱን ፈልጋ ሰካችው። ሰምሀል ጥፍሯን ስትበላ እጇን ከአፏ አውጥቼ ያዝኩት።

ገጹ ብልጭ አለ። ሰምሀል አጎንብሳ አነበበች።

«ስንት?» አልኳት።

«አንድ።»

«አንድ ጥሩ ነው?»

«ከሠላሳ ስምንት ወደ አንድ! ሌላው ሁሉ እጅ ለእጅ ነው። አንዲት ነጥብ ብቻ ትበልጣለች፤ ፊት ላይ ብቻዋን የቆመች።»

ሁላችንም በአንድ ጊዜ ወደ ጌጤ ዞርን። ጌጤ ደግሞ ቁጥሯ ገና ደረቷ ላይ አለ። እልልታው የት ድረስ እንደተሰማ አላውቅም፤ የጎረቤት ወንዶች ሠርግ መስሏቸው በር ላይ መጥተው ነበር። የሺ ሰምሀልን አቅፋ ስትዞር ሁለቱም ወንበር ላይ ወደቁ።

ሰኞ በሁለት ሚኒባስ ዩኒቨርሲቲዋ ሄድን። ጌጤ ቦቲውን አውልቃ አዲስ ጫማ አድርጋለች፤ በግ በግ መሽተቷን ግን ምንም አልለወጠውም። አዳራሹ ውስጥ ከኋላ ተደረደርን። ሰምሀል እንግሊዝኛውን ስታወርደው አንድም አልገባንም፤ በየመሃሉ ግን ሻለቃን ስትጠራ እየሰማን እንጎሻሸማለን። ለናሙናው የሰጠችው ስም እሱው ነበር።

አንዱ ፈታኝ መነጽሩን ዝቅ አድርጎ በአማርኛ ጠየቃት። «በመጀመሪያው ማነጻጸሪያ ሠላሳ ስምንት አግኝተሻል። ሁለተኛው ስለተመቸሽ ነው የመረጥሽው እንዳልል፣ ልዩነቱን አስረጂኝ።»

እጄ ውስጥ የየሺ እጅ ነበር፤ ጭምቅ አደረገችኝ። ሰምሀል ቀጣዩን ስላይድ ከፈተች። ናዝሬት ከደረጃው ላይ ያነሳችው ፎቶ ነው። ረድፋችን ሲታጠፍ፣ ሁሉም ሲያያዝ፣ ሦስቱ ጫፍ ላይ ደረት ሲመቱ፣ ጌጤ ከፊት ብቻዋን እጇን ዘርግታ አፏን ከፍታ። ሰምሀል ከቅዳሜው ነገር አንድም ሳታስቀር ተረከችላቸው፤ የቁጥር ነጠቃውን ሳይቀር። ፈታኙ መጀመሪያ ከንፈሩን ነከሰ፣ ቀጥሎ ወረቀቱን ፊቱ ላይ አደረገ፣ በመጨረሻ ትቶት ሳቀ። «ገብቶኛል፤» አለ፣ «ከዚህ በኋላ ለተማሪዎቼም እንዲህ ነው የማስረዳው።»

አስወጡን፤ እንደገና አስገቡን። አልፋለች። በጣም ጥሩ ነው ያሉት።

በኋላ ዶክተር ስብሐት እየዞሩ ሲጨብጡን ጌጤ ጋ ደረሱ። ከፎቶው ጋር አላገናኟትም መሰለኝ፤ በአዲሱ ጫማና በነጩ ነጠላ ሌላ ሰው ሆና ነበር።

«እርስዎስ የልጅቷ ማን ነዎት?»

«እኔ?» አለች ጌጤ። «ልዩነቱ ነኛ!»

ብላ ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ መለሰችና ከፊት ሆና ወጣች። እኛም በረድፍ ተከተልናት።